የእናቶቻችንን ስም ማን ይጽፈዋል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብና መዝገብ ክፍል ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብና መዝገብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ የሚጠበቀው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። እሱ ተባዝቶ በየእጃችሁ ደርሷል፤ ጥያቄ ካለ ከሰዓት በኋላ እንመልሳለን። አሁን የምናነሣው ስለ ሌላ መዝገብ ነው፤ ስለ ሰው መዝገብ። ይህን ማኅበር ያቆሙት እነማን ናቸው? ይህን ሰፈር ማን አቀናው? እኛስ የማን ልጆች ነን? ሥራ አስፈጻሚው ይህን የሚመዘግብ አነስተኛ የቅርስ ቡድን እንዲቋቋም ወስኖ ኃላፊነቱን ለክፍላችን ሰጥቷል። ለምን ለሒሳብ ሠራተኞች ተሰጠ ብላችሁ አትገረሙ። መዝገብ መያዝ፣ ደጋፊ ሰነድ መፈለግ፣ የጎደለውን መጠየቅ የዕለት ሥራችን ነው።

ከስማችን እንጀምር

በአገራችን ሙሉ ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሴት ልጅ ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም። ይህ የምንኮራበት ነው። ይሁን እንጂ በስማችን ላይ ያለው አያት የአባታችን አባት ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ አያቶቻችን በየትኛውም መታወቂያችን ላይ የሉም።

እስቲ በቁጥር እንየው። እያንዳንዳችን 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉን። በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ በሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል። ከወላጆቻችን ጀምሮ ሲደመር 254 ሰው ነው። አሁን «እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል» ተብሎ የሚመሰገነው ሰው ስንት ስም እንደያዘ ጠይቁ። አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የዚያን አባት እያለ የያዘው 7 ስም ነው። 247ቱ የሉበትም። ከ254ቱ ግማሹ፣ ማለትም 127ቱ ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ አንዷም በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለችም። በሙያችን እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢቀርብልን አንፈርምበትም።

ድሮ ለምን ይቆጠር ነበር?

ከዚህ ተነሥተን አያቶቻችን የእናት ወገን ጨርሶ አይቆጥሩም ነበር ብንል ግን እንበድላቸዋለን። በጎጃም፣ በጎንደርና የርስት ሥርዐት በነበረባቸው ሌሎች አካባቢዎች ሰው መሬት የሚካፈለው ከአቅኚው አባት መወለዱን አስረድቶ ነበር። አቅኚ አባት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው፣ የሐረጉ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ሰው ነው። ያ መብት በአባት በኩል ብቻ አይመጣም፤ በእናትም፣ በአያት እናትም በኩል ይመጣል። ስለዚህ አጥንት የሚቆጥረው ሽማግሌ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ ሴቶቹንም ሳይዘል ይወርድ ነበር። አንዲት ሴት ከተዘለለች ሐረጉ ይቆረጣል፤ ባለጉዳዩም መሬቱን ያጣል። በተግባር ወንድም እህቱን የከለከለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስሟ ግን ይያዝ ነበር፤ ምክንያቱም ስሟ መሬት ያወጣል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ለብዙ ጭሰኛ ያ አዋጅ የነጻነት ቀን ነበር። መሬት ለመካፈል አጥንት መቁጠር አላስፈለገም፤ ያላስፈለገውም ቆጠራ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉ እየቀነሰ ሄደ። እኛ በሥራችን ደጋግመን ያየነው አንድ ነገር አለ፤ ጠያቂ የሌለው ሒሳብ አይያዝም። ኦዲተር የማይመጣበት ካዝና ደረሰኙ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ማንም የማይጠይቀው የአያት ስምም ይጠፋል። ዳኛው መጠየቁን ከተወ ወዲህ የእናቶቻችንን ስም የሚጠይቅ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂዎቹ እኛ እንሁን ነው የምንለው።

መንግሥት ይመዘግበዋል ብለን የምንተወውም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት የክብር መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ሳይውል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ ለሚወለድ ሕፃን የሚሰጠው የልደት ምስክር ወረቀት የእናቱንም ስም ይይዛል። የልጅ ልጆቻችን በዚህ ይሻላሉ። የእናቶቻችንና የአያቶቻችን ታሪክ ግን ያለው በራሳቸው ልብ ውስጥ ነው።

አቅኚ ማን ነው?

ከተማችን አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያገኘችው በ1879 ዓ.ም. ከእቴጌ ጣይቱ ነው። ስም አውጪዋ ሴት ናት። ከታወቁት የሰፈርና የድልድይ ስሞች ብዙዎቹ ግን የመኳንንት ናቸው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም ለቤተ መንግሥት ይሠሩ የነበሩትን የእጅ ባለሙያዎች ያስታውሳል፤ ሆኖም አንድም ሠራተኛ በስሙ አልተጠራበትም። በየግቢው እንጀራ የጋገሩት፣ ጠጅ የጣሉት፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የወረዱት፣ ቀጨኔ ላይ ጭቃ አቡክተው ጀበናና ምጣድ የሠሩት ሴቶችስ? እነሱም ይህችን ከተማ አቅንተዋል።

ደግሞም ከከተማዋ በፊት ሰው ነበረ። ጉለሌ የሚለው ስም አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ለአንዱ አገር ማቅናት የተባለው ለሌላው ከቀዬ መነቀል የሆነበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ በመዝገባችን «የመጀመሪያው ሰው» ብለን አንጽፍም። የእያንዳንዷን ቤተሰብ አመጣጥ እሷ በምትናገረው መሠረት፣ «ስትመጡ እዚህ ማን ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ጋር እንጽፋለን።

እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ አገርም ሴቶች ይዘውታል። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ በ1901 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የአቅኚዎች ሴት ልጆች ማኅበር አለ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1869 እ.ኤ.አ. ከመጠናቀቁ በፊት ወደዚያ ከደረሱ ሰዎች መወለዷን ያስረዳች ሴት አባል ትሆናለች። አባላቱ የቅድመ አያቶቻቸውን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ፣ ያሰባስባሉ፤ ዕቃቸውንና ፎቶግራፋቸውን በቤተ መዘክር ያኖራሉ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ሥራው ከዩኒቨርሲቲ አለመጀመሩ ነው። የጀመሩት ልጆቻቸው ናቸው። ሌላም ትምህርት አለው። ያ ምድር ባዶ አልነበረም፤ ዩትና ሾሾኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። የአቅኚ ታሪክ ሲጻፍ የነባሩ ታሪክ አብሮ ካልተጻፈ መዝገቡ ጎደሎ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የመጀመሪያው የአባላት ደብተራችን ዛሬም በካዝናችን አለ። ከስሞቹ አንጻር ከፊርማ ይልቅ የሚበዛው የጣት አሻራ ነው። መሥራቾቻችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ልጅ አዝለው ፊደል የቆጠሩ፣ ወይም ለመቁጠር እንኳ ጊዜ ያጡ እናቶች ናቸው። ያዋጡት ብር እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። ስለ ራሳቸው የተጻፈው ግን ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹም «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው የራሳቸው ስም እንኳ አልሰፈረም። ከየት እንደመጡ፣ ምን እየሸጡ ያንን ብር እንዳገኙት፣ ለምን ተበድሮ ከመኖር መቆጠብ እንደመረጡ ደብተሩ አይናገርም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከመሥራቾቻችን ሦስቱን ቀብረናል። ያዋጡትን እናውቃለን፤ የእናቶቻቸውን ስም ግን ከእነሱ ጋር ቀብረነዋል።

ምን ይጠቅመናል?

ከአባሎቻችን አንዷ፣ አክስቷ ልጅ ሳይተኩ ሲያርፉ፣ ወራሽነቷን ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ሄደች። አክስትየዋና የእሷ እናት እኅትማማች መሆናቸውን የሚያስረዳ አንድም ወረቀት አልነበራትም። ምስክር አምጪ ተባለች። ጉዳዩን ከሚያውቁት የሰፈር እናቶች ሁለቱ አርፈዋል፤ ሦስተኛዋ ቤታቸው ሲፈርስ ወደ ሌላው የከተማ ጫፍ ሄደዋል፤ ስልካቸውን የያዘ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ተገኙ፣ መሰከሩም፤ ነገር ግን ወራት ፈጀ። የእኛ መዝገብ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል አንልም። ቢኖር ኖሮ ግን ማንን፣ የት መፈለግ እንዳለባት በአንድ ቀን ታውቅ ነበር።

ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። «በቤተሰብ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጡት ካንሰር ያለበት ሰው አለ?» ስንባል ብዙዎቻችን ስለ አባታችን ቤት ጥቂት እናወራለን፤ የእናታችን እናት በምን እንዳረፉ ስንጠየቅ ግን «ታመው» ከማለት ያለፈ መልስ የለንም። ሐኪሙ ጥያቄውን የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። ለሴት ልጆቻችን መልሱ ቀድሞ የመመርመሪያ ምክንያት ይሆናቸዋል።

ሌላው ምክንያት ሰፈራችን ራሱ ነው። የመሃል ከተማው አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር እየሄደ ነው። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፣ የተጎዳም አለ፤ ያንን ለመዳኘት አልተነሣንም። የምናውቀው ሰፈር ሲበተን እድሩ እንደሚበተን፣ እድሩ ሲበተን «እኔ አውቃታለሁ፣ የእገሊት ልጅ ናት» የሚል ሰው እንደሚጠፋ ነው።

ስለ «ዘር ቆጠራ» ስጋት

ይህን ሐሳብ ለአባላት ስናቀርብ አንዳንድ እናቶች «ልጆቼ፣ ዘር መቁጠር አይደል እንዴ ያጣላን?» ብለውናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሳይመለስ መታለፍ የለበትም።

የሚያጣላው ቆጠራ በአንድ መስመር ብቻ የሚወጣው ነው። አንድ አባት፣ አንድ ስም፣ አንድ ወገን ይዞ ሌላውን ሁሉ ባዕድ ያደርጋል። በሁለቱም ወገን ስንቆጥር ግን ዝምድናው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በቅጹ ላይ ለሙከራ የሞሉት አባሎቻችን ይህንን አይተውታል። አንዷ የአባቷ ቤት መንዝ፣ የእናቷ እናት ደግሞ ከወሊሶ ሆነው ተገኙ። ሌላዋ እስላምና ክርስቲያን አያቶቿን በአንድ ገጽ ጻፈች። እናቶቹ ናቸው ከአገር አገር ተድረው፣ ከቋንቋ ቋንቋ ተጋብተው ያገናኙን፤ እነሱን ስንዘል የሚጠፋውም ይኸው መገናኘታችን ነው።

በዚያ ላይ ሦስት ደንብ አውጥተናል። በቅጹ ላይ ብሔር የሚል ዓምድ የለም፤ የሚጠየቀው የትውልድ ቦታ ነው። ማንም ያልፈቀደችው አይጻፍም። የተጻፈውም ባለቤቷ ካልፈቀደች ለማንም አይታይም፣ በዜና መጽሔታችንም አይወጣም። ጉዲፈቻ ያሳደገች፣ ከጋብቻ ውጭ የወለደች፣ የአያቶቿ ሙያ ወይም ባርነት ሲያሰድባት የኖረ እናት አለች። የሚጻፈውን የምትወስነው እሷ ናት፤ የምታስቀረውን አስቀርታ የምትወደውን ብቻ ብትነግረን እንቀበላለን።

እንዴት እንሠራለን?

1. ከራስ ተነሥቶ ወደ ላይ። የመጀመሪያው ቅጽ 14 ቦታ አለው፤ ለ2 ወላጆች፣ ለ4 አያቶችና ለ8 ቅድመ አያቶች። ከ14ቱ 7ቱ ለሴቶች ነው። ያልታወቀው ባዶ ይተዋል እንጂ በግምት አይሞላም። ባዶው ቦታ ራሱ ቀጥሎ ማንን መጠየቅ እንዳለብን ይነግረናል።

2. ስምን በሙሉ። አንዲት እናት የመዝገብ ስም፣ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም ሊኖራት ይችላል፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ አማቷ ያወጣችላት ስም አለ። በአንዱ ወረቀት አንዱ፣ በሌላው ሌላው እየተጻፈ ስንት ጉዳይ እንደተበላሸ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁሉንም ጎን ለጎን እንጽፋለን።

3. ዘመንን በታወቀ ነገር። እናቶቻችን የልደት ዓመት ሲጠየቁ «እኔ እንጃ» ይሉ ይሆናል፤ ዘመኑን ግን ያውቁታል። «እናቴ እናቷን ያጣችው በኅዳር በሽታ ነው» ካሉ 1911 ዓ.ም. ነው። «ጣሊያን ሲገባ ጡት እጠባ ነበር» ካሉ ልደታቸው ከ1928 ዓ.ም. ብዙም አይርቅም። የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 1967 ነው። ከአያት የሰሙትን ክፉ ቀን የሚያወሩም አሉ፤ ያ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው የረኃብ ዘመን ነው። የእነዚህን ዓመታት ዝርዝር ለጠያቂዎቹ ሁሉ አባዝተናል።

4. ለእያንዳንዱ ቃል ማስረጃውን። እንደ ሒሳብ ሥራችን ከየስሙ አጠገብ ምልክት እናደርጋለን። ወረቀት ካለ «ሰነድ»፣ ራሷ ካየች «ምስክር»፣ ከሌላ ከሰማች «ወሬ»። ወሬ አይናቅም፤ ነገር ግን ወሬ መሆኑ ይታወቅ። ሰነድ የሚባሉት የክርስትና ወይም የኒካሕ ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የእድር ደብተር፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ የመቃብር ጽሑፍ ናቸው። ዋናው ከባለቤቷ እጅ አይወጣም፤ በስልክ ፎቶ አንሥተን እዚያው እንመልሳለን።

5. ድምፅን በስልክ። ሁለት ሁለት ሆነን ቤታቸው እንሄዳለን፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትጽፋለች። ለመሥራች እናቶች ከዘር ሐረጉ ሌላ አራት ጥያቄ አለን። ወደዚህ ሰፈር እንዴት መጡ? ስትመጡ ማን ነበር? በእጅዎ ያገኙት የመጀመሪያ ገንዘብ ከምን ነበር? ሥራውን ማን አስተማረዎ? ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ በማኅበሩ ካዝና፣ አንዱ በሌላ ቦታ።

የምንጠይቃችሁ

ከአባላት የምንጠይቀው ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጠየቅና ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣት አባላት ስማችሁን ስጡን። ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ዕድሜያቸው የገፋ መሥራች እናቶች ቤቶች ናቸው፤ ይህ ቅደም ተከተል በማንም ጥያቄ አይለወጥም።

ከደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን፣ አሮጌ ፎቶግራፍና ደብተር የምናነሣበት ስካነር፣ ድምፅ የሚቀመጥባቸው ሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ እንዲሁም ለጠያቂዎቹ የታክሲ ነው። ዝርዝሩ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር ተያይዟል። ከቁጠባው ገንዘብ አንድም ብር አይነካም፤ የቅርስ ቡድኑ ሒሳብ ለብቻው ይያዛል፣ በየሩብ ዓመቱም ለእናንተ ይቀርባል። ይህን ሥራ ከወተት ላምና ከስፌት መኪና ጋር አወዳድሮ «ምን ገቢ ያመጣል?» የሚል ደጋፊ ቢኖር፣ አያመጣም ብለን በግልጽ እንመልሳለን። የስፌት መኪና ነገም ይገዛል። ዘጠና ዓመት የሞላቸው እናት የያዙትን ስም ግን ነገ አናገኘው ይሆናል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እናቶቻችን በቃል ይዘው እዚህ አድርሰውልናል፤ መጻፉ የእኛ ፋንታ ነው።

በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ ባዶ ቅጾችና እስክሪብቶ አሉበት። ከመሄዳችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ መስመር ብቻ ሙሉልን፤ የእናታችሁን እናት ስም ከነአባቷና ከነእናቷ። የምታውቁ ጻፉ። የማታውቁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውላችሁ የምትጠይቁትን ሰው ስም ጻፉልን።

ለመሥራች እናቶቻችን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።